በቅልጥሜ ላይ የታየው ነገር

በተፈጥሮዬ ተጠራጣሪ ነኝ። ሕፃን ሆኜ እንኳ ወተት ሲሰጡኝ መጀመሪያ አሽትቼ፣ ቀጥሎ የሰጠኝን ሰው ዓይን ዓይኑን አይቼ ነበር አሉ የምጠጣው። ባሌ በሕይወት ሳለ፣ «አንቺ እኮ ለንስሐሽም ምስክር የምትቆጥሪ ሴት ነሽ» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ያሹፍ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ያሉት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። ይህን የምጽፈው ግን ጥርጣሬዬን ላወድስ አይደለም። በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ ቀኝ እግሬ ይቆረጥ አይቆረጥ በተባለበት ጊዜ፣ ሰውን ሁሉ በየተራ ጠርጥሬ ስጨርስ አንዲት ሴት ብቻ ቀርታኝ ነበር። እሷን መጠርጠር እንዴት እንደከበደኝ ነው የምናገረው።

ያኔ ዕድሜዬ ሃያ ቢሆን ነው፤ ካገባሁ አራት ዓመቴ። የምንኖረው ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ፣ ቀወት ገጠር ውስጥ ነበር። ባሌ ማሽላና ማሾ ያርሳል፤ በበጋ ደግሞ ትምባሆ እርሻ ላይ ተቀጥሮ ውሃ ይመራል። ቤቱ የባሌ እናት፣ የአማቴ ነው፤ እሳቸውም አብረውን ይኖራሉ። ልጅ ገና አልወለድንም። አማቴ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ክፉ ተናግረውኝ አያውቁም፤ ይህም ራሱ ያስጠረጥረኝ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ቦይ ስሻገር አዳለጠኝና ቀኝ ቅልጥሜ ከድንጋይ ጋር ተጋጨ። እብጠቱ በሳምንቱ ጠፋ፤ ሕመሙ ግን ቀረ። በተለይ ዳገት ስወጣ ከአጥንቱ ውስጥ ይጠዘጥዘኛል። አማቴ በቅቤ አሹኝ፤ ፌጦ ለጥፈው አሰሩልኝ። ሁለት ወር ሙሉ አነከስኩ። ከተማ ያለው ጤና ጣቢያ ብሄድ ኪኒን ሰጡኝና፣ ካልተሻለሽ ከጣርማ በር ማዶ ደጋው ላይ ካለው ሆስፒታል ሄደሽ ራጅ ተነሺ አሉኝ።

ራጅ ሥጋን አልፎ አጥንት የሚያይ መብራት መሆኑን ሰምቻለሁ። አጥንቴን ማየቱ አላስፈራኝም። ያስፈራኝ፣ አጥንቴን ካየ ሌላስ ምን ያያል የሚለው ነበር። ቢሆንም ሕመሙ አሸነፈኝና ለመሄድ ተስማማሁ። እናቴ ይህን ስትሰማ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሯ መጥታ «ብቻሽን አትሄጂም» አለች። አባቴ ከሠርጌ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ስለሞተ እሷ ብቻ ናት ያለችኝ። ደስ አለኝ። ለእናት መምጣት ምክንያት አይፈለግለትም ብዬ ነው እንጂ ሌላ ሰው ቢሆን ጠርጥሬው ነበር።

እኔ፣ ባሌና እናቴ በጭነት መኪና ተጭነን ጣርማ በር ወጣን። የመንገዱን ዋሻ ስናልፍ ብርዱ ጥርሳችንን አንቀጫቀጨው። ሆስፒታል ስንደርስ ድሬሰር የሚባል አንድ የሐኪም ረዳት አልቦዬን አስወልቆ ቀዝቃዛ ጠረጴዛ ላይ አስተኛኝ፤ «ትንፋሽሽን ያዢ» አለኝ። እግሬን ነው የሚያነሡት፤ ትንፋሼ ምን አገባው ብዬ አሰብኩ፤ ግን ያዝኩ። ይህ ድሬሰር የቀወት ሰው ነበር፤ በአባቱ በኩል ከአማቴ ጋር ይዛመዳል። ለፈረንጁ ሐኪም የሚያስተረጉመውም እሱ ነው። በዚያ ቤት የተነገረ ነገር ሁሉ በማግስቱ አማቴ ጆሮ እንደሚደርስ ያኔውኑ ገባኝ።

ሐኪሙ ፎቶውን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘረጋው። ጥቁር ወረቀት ላይ ነጭ አጥንት። መሀሉ ላይ አጥንቱ ወፈር ብሎ፣ ዙሪያው ጉም የለበሰ ይመስላል። ሐኪሙ በእርሳስ ጫፍ አሳየንና በቀስታ መናገር ጀመረ፤ ድሬሰሩም እየተከተለ ወደ እኛ ቋንቋ መለሰው።

«ይህ ያጥንትሽ ጥላ ነው። ጥላ ቅርጽ ያሳያል እንጂ ታሪክ አይናገርም። እዚህ ጋ አጥንቱ ወፍሯል፤ ለምን እንደወፈረ ግን ፎቶው አይነግረኝም። ወይ ድሮ ተሰብሮ የገጠመ ነው፤ ወይ አጥንቱ ውስጥ መግል ይዟል፤ ወይም ክፉ ዕጢ እያደገበት ነው። ሦስቱም እንዲህ ሊመስሉ ይችላሉ።»

«የትኛው ነው ታዲያ?» አለ ባሌ።

«አላውቅም» አለ ሐኪሙ።

አላውቅም የሚል ሐኪም ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ከዚያ የሚበልጥ እውነተኛ ቃል ያን ቀን ማንም አልተናገረም። ያኔ ግን ጠረጠርኩት። አጥንቴን እስከ ውስጥ አይቶ አላውቅም ካለ፣ ወይ መሣሪያው የማይረባ ነው፣ ወይ የደበቀን ነገር አለ አልኩ በሆዴ።

ሐኪሙ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ጠየቀ። ድሬሰሩ «ከዚህ በፊት ይህ እግር» ብሎ ገና ሳይጨርስ እናቴ ከኋላ፣ «የለም። ልጄ ተሰብራ አታውቅም» አለች።

ድሬሰሩ ዞር ብሎ አያት። ገና ስለ መሰበር አላነሣም ነበር። እኔም ሰምቻለሁ። ግን ሐኪሙ ሦስቱን ነገር ሲዘረዝር ሰምታ ይሆናል የጠየቀውን የገመተችው ብዬ አለፍኩት። እናት ናት።

ሐኪሙ መልሷን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። ከመሰበር ካልሆነ የቀሩት ሁለቱ ናቸው። ከአርባ ቀን በኋላ ተመለሺ አለኝ፤ ሁለተኛ ፎቶ አንሥተን ከዚህኛው ጋር እናስተያየዋለን፤ ያኔም ካልለየልን አዲስ አበባ ልኬሽ ከአጥንቱ ጥቂት ቆርሰው ይመረምሩታል። ክፉው ሆኖ ከተገኘ ደግሞ እግሩን ከመቁረጥ በስተቀር መላ የለም።

«ከየት ላይ?» ብሎ ባሌ ጠየቀ።

ሐኪሙ እጁን ከገዛ ጉልበቱ በላይ፣ ጭኑ ላይ አሳለፈው። ይህን ማስተርጎም አላስፈለገም።

እነዚያ አርባ ቀናት በሕይወቴ ከባዶቹ ናቸው። እጠረጥራለሁ፣ አነክሳለሁ፣ እንደገና እጠረጥራለሁ። መጀመሪያ ፎቶውን ጠረጠርኩ። የእኔ መሆኑን በምን አውቃለሁ? አጥንት ላይ ስም አይጻፍም። ያን ቀን ከእኔ በፊት አንዲት አሮጊት ተነሥተዋል፤ የሳቸው ቢሆንስ? አማቴ ደግሞ በበኩላቸው የታየው ነገር የአልቦዬ ምልክት ነው ብለው ያዙ። አልቦዬን አውልቄ ነበር ብላቸው፣ «ብታወልቂስ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ታስሮ የኖረ ነገር ምልክት አይተውም?» አሉኝ። አልቦው ቁርጭምጭሚት ላይ፣ ሕመሜ ቅልጥም ላይ።

ቀጥሎ እሳቸውን ራሳቸውን ጠረጠርኩ። በዚያ ሰሞን የአንዲት ጎረቤት ልጅ ስም ከአፋቸው አይጠፋም ነበር፤ ጎበዝ ናት፣ እንስራ ሞልታ ዳገት ትወጣለች ይላሉ። ቀድሞም ያሞግሷት እንደሆነ አላስታውስም። ያን ሰሞን ግን የልጅቷ እግር በዕለት ተዕለት ወሬያችን ውስጥ የበዛ መሰለኝ።

ከዚያ ባሌን ጠረጠርኩ። ከእርሻ እየዘገየ ይመጣል፤ የት ነበርክ ሲሉት «እዚያው» ይላል። አንድ ቀን ቤት ስጠርግ ከአልጋው ሥር ጫፉ ባላ የሆነ፣ የተላጠ የወይራ እንጨት አገኘሁ። ለካ ከሥራ በኋላ ትምባሆ እርሻው ላይ ካለ አናጢ ጋር እየተቀመጠ ምርኩዝ እየሠራልኝ ኖሯል። ብብቴን እንዳይጎዳኝ ባላውን በጨርቅ ጠቅልሎታል። ሌላ ሴት ብትሆን ታለቅስ ነበር። እኔ ግን ነደደኝ። ሐኪሙ ሳይቆርጠኝ እሱ ቆርጦኛል ብዬ ሁለት ቀን አላናገርኩትም።

እናቴ ከእኔ አልተለየችም። ከሆስፒታል ስንመለስ እዚያው እኛ ቤት ቀረች፤ ውሃ ትቀዳልኛለች፣ እግሬን በጨው ውሃ ታጥበኛለች። በሦስተኛው ሳምንት አማቴ፣ «ፈረንጁ አላውቅም ካለ የሚያውቅ እንጥራ። ወጌሻው ይዳስሷት» አሉ።

ወጌሻው ከወንዙ በታች፣ አርጎባዎች መንደር የሚኖሩ ሽማግሌ ሼህ ናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው አጥንት ለአጥንት ይሄዳሉ። ድሮ የተሰበረ አጥንት ሲነኩ መቼ እንደተሰበረ ብቻ ሳይሆን የትኛው ወጌሻ እንዳሰረውም ይናገራሉ ይባላል። ክርስቲያኑም እስላሙም ይጠራቸዋል። የእናቴን የእጅ አንጓ ያቃኑት እሳቸው ናቸው፤ ፍየሏ ስትሰበር እንኳ ወደ እሳቸው ነበር የምትሮጠው። እናቴ ግን ያን ቀን፣ «ወጌሻ አይነካትም» አለች።

«ለምን?» አሉ አማቴ።

«ሐኪም የያዘውን ወጌሻ አይነካም።»

አማቴ ሰሟት፤ ግን ላኩባቸው። በማግስቱ ሼሁ በአህያ መጥተው በራፍ ላይ ሲወርዱ፣ እኔ ውሃ ልሰጣቸው እያነከስኩ ወጣሁ። እናቴ ከኋላዬ ደርሳ ከፊቴ ቆመች።

«አባባ ሼህ፣ ልፋትዎን አላህ ይቁጠርልዎ። ሐኪሙ ማንም እንዳይነካት ብሏል» አለቻቸው።

ሐኪሙ እንዲህ አላለም። ሼሁ ውሃውን ቢስሚላህ ብለው ጠጡና ጣሳውን መለሱልኝ። አንዴ እግሬን፣ አንዴ እናቴን አዩ።

«ኢንሻአላህ ትድናለች» አሉ። «እኔ ስትራመድ አይቻታለሁ፤ ይበቃኛል።»

ሌላ ቃል ሳይጨምሩ አህያቸው ላይ ወጥተው ሄዱ። እናቴ ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

ከዚያ በኋላ ነው ያ የማልፈልገው ሐሳብ የመጣብኝ። ቤት ማንም በሌለበት ቁጭ ብዬ ሁለቱን እግሮቼን ጎን ለጎን ዘረጋሁ። በቀኙ ቅልጥም ፊት ለፊት ጎበጥ ያለ ነገር አለ። እሱ ከድሮም ያለ ነው፤ ድንጋይ ሳይመታኝ በፊትም አውቀዋለሁ። ሰው ሁሉ ቀኝ ቅልጥሙ ላይ እንዲያ ያለው ይመስለኝ ነበር። ረጅም ቀሚስ የሚለብስ ሰው የማንን ቅልጥም አይቶ ያስተያያል? ማታ ራት ስንበላ ባሌን «ቅልጥምህን አሳየኝ» አልኩት። ለሁለት ቀን አኩርፌው ስለነበር የዕርቅ ነገር መሰለውና ደስ ብሎት ዘረጋልኝ። ዳሰስኩት። ለጥ ያለ ነው።

የቀረውን ነገር ያበራልኝ የጎረቤት በሽታ ነው። አንዲት ሌላ ጎረቤታችን ትንሿን ልጇን ንዳድ ያዛትና፣ ደጋ አየር ይሻላታል ብላ ጣርማ በር ዘመዶቿ ዘንድ ልትወስዳት ስትነሣ ልሰናበታት ሄድኩ። ከዚያ ስመለስ መንገድ ላይ ቆምኩ። እናቴ ከልጅነቴ ጀምራ የምትነግረኝ ነገር አለ፤ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ ንዳድ ይዞኝ ልሞት ነበርና አክስቴ ዘንድ ወስደውኝ መንፈቅ ከርሜያለሁ። ከዚያ ጊዜ የማስታውሰው ጥቂት ነው፤ በጀርባዬ ተኝቼ የጣራ ማገር እቆጥራለሁ፣ አክስቴ ለመታዘል ትልቅ የሆንኩትን ልጅ አዝላ ወደ ውጭ ታወጣኛለች። የአክስቴ አገር ግን ከማጀቴ ከተማ ዝቅ ብሎ ያለ፣ ከእኛ የባሰ ቆላ ነው። በእኛ አገር የንዳድ በሽተኛ ወደ ደጋ ይወጣል እንጂ ከቆላ ወደ ቆላ አይወሰድም። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። እኔ ሁሉን የምጠረጥረው ሴት ግን አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሳልጠይቅ ኖሬያለሁ።

ቤት ስደርስ እናቴ ግቢ ውስጥ ተቀምጣ ማሾ በሰፌድ ታበጥራለች። ባሌና አማቴ ለቅሶ ሄደዋል። አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

«እማዬ፣ አክስቴ ዘንድ የከረምኩት ምን ሆኜ ነው?»

«ንዳድ ይዞሽ ነዋ።»

«ንዳድ የያዘው ሰው ወደዚያ አገር ይሄዳል?»

ሰፌዱ ቆመ። ከዚያ እንደገና ማበጠር ጀመረች፤ ግን ገለባውም ፍሬውም አብሮ ይፈስ ነበር።

«አባትሽ ማማ ላይ አውጥቶሽ ነበር» አለች። «ማሽላው ደርሶ ወፍ እየጠበቀ። ዝንጀሮ መጣና አንቺን እዚያው ትቶ ሊያባርር ወረደ። ሲመለስ መሬት ላይ ነሽ። ቅልጥምሽ ለሁለት ሆኗል።»

«እዚህ ለምን አላሳሰራችሁኝም?»

«አገር ያየዋላ። የባልሽ አባት ላንቺ ቃል ካስገባን ገና ዓመት አልሞላውም። ከዚያው ከአክስትሽ አገር የተገኘ ወጌሻ አሰረሽ። እጁ ደህና አልነበረም፤ አጥንትሽ ተደራርቦ ገጠመ።»

ይህን ለማያውቅ ሰው ልንገር። በእኛ በኩል ሴት ልጅ በሕፃንነቷ ቃል ይገባባታል። ሠርጉ ሲደርስ የወንዱ ሽማግሎች በቄስ ፊት አባቷን፣ «ቃል በተገባባት ቀን እንደነበረች ናት?» ብለው ይጠይቁታል፤ እሱም መስቀል ይዞ «እንደነበረች ናት» ብሎ ይምላል። አባቴ ምሏል። የተሰበረ አጥንት ያላት ሴት ስትወልድ ስብራቷ ይከፈታል ይባል ስለነበር እንዲህ ያለ ነገር ቢታወቅ ቃሉ ይፈርሳል፤ ከተጋቡ በኋላ ቢታወቅ ደግሞ ሴቲቱ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች። እኔ ደግሞ በአራት ዓመት አልወለድኩም።

«ፎቶው ላይ ያለው ስብራቱ መሆኑን ያወቅሽው ሐኪሙ ሲጠይቅ ነው?» አልኳት።

«ገና ፎቶውን ወደ መስኮቱ ሲያነሣው ነው ያወቅሁት።»

«እግሬን ሊቆርጡት ነው እኮ፣ እማዬ።»

«ይሆናል አሉ እንጂ እንቆርጣለን አላሉም። ያንን ይሆናል ይዤ ነው የምጸልየው።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «እግርሽ ቢቆረጥ የታመመች ሚስት ትሆኛለሽ። ለታመመች ሚስት ሰው ያዝንላታል፤ ባልሽም ምርኩዝ ሲሠራልሽ አይተሻል። እኔ ከተናገርኩ ግን በሐሰት የተሰጠች ሚስት ትሆኛለሽ። ለእሷ ማንም አያዝንላትም። አባትሽ ሲሞት እጄን ይዞ አደራ ብሎኛል። ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ።»

ጠላኋት። ይህን ቃል ከመጻፌ በፊት ብዙ ቀን አስቤያለሁ፤ ሌላ ቃል ግን አላገኘሁም። እግሬን በጨው ውሃ የምታጥብ እናቴ፣ ያው እግር ተቆርጦ ሲጣል ዝም ብላ ልታይ ተዘጋጅታለች። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ያለችው ነገር ስህተት አለመሆኑ ነው። ሽማግሎቹን አውቃቸዋለሁ፤ የአማቴንም ወገን አውቃለሁ። ለሐኪሙ ብቻ እንዳልነግረው ቋንቋው የለኝም። በድሬሰሩ አፍ ማለፍ አለብኝ፤ የድሬሰሩ አፍ ደግሞ የአማቴ ጆሮ ነው።

ቀጠሮው አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። በአምስቱ ቀን ከእናቴ ጋር የተነጋገርነው ስለ ጨውና ስለ ውሃ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ እናገራለሁ እላለሁ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ባሌ ማታ ሲገባ «ዛሬስ እንዴት ዋለሽ?» ሲለኝ ድፍረቱ ይከዳኛል። ወድጄው ኖሯል። ያን ሁሉ ጊዜ ስጠረጥረው መውደዴን ልብ አላልኩም ነበር።

በቀጠሮው ቀን አማቴም አብሬ ካልሄድኩ አሉ። እናቴ የማንንም ፈቃድ ሳትጠይቅ ቀድማን መኪና መንገዱ ላይ ቆማ ጠበቀችን። አራት ሆነን ወጣን። ሁለተኛውን ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሙ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን መስኮቱ ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ ተናገረ፤ ድሬሰሩም አስተረጎመው።

«በአርባ ቀን ውስጥ አልተለወጠም። ይህ ደህና ምልክት ነው። ክፉ ነገር ቢሆን ብዙ ጊዜ ይገፋ ነበር። ግን ብዙ ጊዜ እንጂ ሁልጊዜ አይደለም። በዚህ ብቻ ሄደሽ ተኚ ብዬ ልለቅሽ አልችልም። የአዲስ አበባውን ደብዳቤ ልጽፍልሽ ነው። ከመጻፌ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ እጠይቃለሁ፤ ወድቀሽ፣ ተሰብረሽ አታውቂም? በልጅነትሽም ቢሆን?»

ሁሉም አዩኝ። አፌን ከፈትኩ። ልናገር እንደነበር ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ከአፌ ምንም ሳይወጣ እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

እናቴ በአማቿ፣ በባሌ ፊት ቀና ብላ ተናግራ አታውቅም፤ በእኛ አገር ነውር ነው። ነጠላዋን ግንባሯ ላይ ጎትታ ፊቷን ሸፈነችና ወደ ድሬሰሩ ዞረች።

«ለሐኪሙ ንገርልኝ፣ ልጄ። ተሰብራለች። አምስት ዓመት ሳይሞላት ከማማ ወድቃ ይኸው ቅልጥሟ ተሰብሯል። ሰው እንዳያውቅ ከማጀቴ በታች ወስደን ያሳሰርናት እኔና አባቷ ነን። አባቷ በሐሰት ምሏል፤ እኔም እዚህ ቤት ዋሽቻለሁ።» ትንፋሽ ወሰደች። «እሷ አታውቅም። ንዳድ ይዞሽ ነበር ብዬ አታልያት ኖሬያለሁ። ዛሬ ገና ከናንተ ጋር መስማቷ ነው።»

ድሬሰሩ ለሐኪሙ ከማስተርጎሙ በፊት አማቴን አየ። አማቴ ወለሉን አዩ። ባሌ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ታውቂ ነበር?» አለኝ።

እናቴ ከነጠላዋ ሥር አትታይም። እጆቿ ግን ይታዩ ነበር፤ እርስ በርስ ተያይዘው ጸጥ ብለዋል።

«አላውቅም ነበር» አልኩት።

በዚያ ክፍል ደስ ያለው ሐኪሙ ብቻ ነው። ነገሩ ሲተረጎምለት ወደ መስኮቱ ተመልሶ በእርሳሱ መስመር እያሳየ ያስረዳን ጀመር። አጥንቱ ተደራርቦ ስለገጠመ ነው እንዲህ የወፈረው፤ የቅርቡ ድንጋይ ደግሞ ያንኑ የድሮ ጠባሳ መትቶት ነው ያመመሽ፤ ጉሙም ከዚያ ነው። መቁረጥም መቁረስም አያስፈልግም። ለጥንቃቄ ከሦስት ወር በኋላ አንዴ ላየው አለ። ከዚያ ለምን ማንም እንደማይስቅ ግራ ገብቶት ዓይኖቻችንን በየተራ አየ። እኔ ሁለቱን ፎቶዎች እያየሁ ነበር። ከቅድም አንድም ነገር አልተለወጠባቸውም፤ አሁን ግን ስብራቱን እንዴት ሳናይ እንደቀረን እስኪገርመኝ ድረስ ይታየኝ ነበር።

ከሆስፒታሉ ደጃፍ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መኪና ቆሞ አገኘን። አማቴ ተሳፈሩ። እናቴ ልትከተል እግሯን ስታነሣ ባሌ መንገዷ ላይ ቆመ። ድምፁን አላነሣም።

«እርስዎ በሌላ መኪና ይምጡ» አላት። «ወደ ቤታችንም አይምጡ።»

እናቴ እሺ አለች። ባሌ እጁን ዘርግቶ ደግፎ አወጣኝ። ወጣሁ። መኪናው ሲነሣ እሷ በዚያ በቆላ ነጠላዋ፣ በብርዱ መሀል መንገድ ዳር ቆማ ነበር። ወደ እኔ አላየችም፤ ብታይ ፊቴ ይናገርብኛል ብላ የፈራች ይመስለኛል።

ሽማግሎች ተሰበሰቡ። እኔ ሳላውቅ የተደረገ ነው ተብሎ ቤቴ ጸና፤ የሐሰቱን መሐላ የደበቀችው እናቴ ግን የልጅዋን ቤት እንዳትረግጥ ተፈረደባት። ከዚያ በኋላ ሦስት ልጆች ወለድኩ፤ ስብራቴም አልተከፈተም። እናቴን የማገኛት ቤተ ክርስቲያንና ገበያ ነበር። የልጆቼን ራስ እየዳበሰች ትሄዳለች፤ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላነሣችብኝም። እኔም አላነሣሁም። ባሌ እንግዳ ሲመጣ ታሪኩን ማውራት ይወድ ነበር፤ ሰፈሩን ሁሉ የምትጠረጥር ሚስቴ የገዛ አጥንቷን ሳታውቅ ኖረች ብሎ ያስቃቸዋል። «ምን ታድርግ፣ ምስኪን፣ የገዛ እናቷ ነች ያታለለቻት» ይላል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ አብሬ እስቅ ነበር።

እናቴ የቤቴን ደጃፍ ሳትረግጥ ሞተች። ቀብሯ ላይ ባሌም መጣ፤ ከሰው ኋላ ቆመ። ቤተ ክርስቲያኑ ኮረብታ ላይ ስለሆነ ሌሎች ሴቶች በበቅሎ ውጪ ቢሉኝ እምቢ ብዬ ሬሳዋን ተከትዬ በእግሬ ወጣሁ። ረጅም ዳገት ነው። እግሬን አንድም ጊዜ አላመመኝም።